ዘፈን ሲዘምት

በመሠረተ ትምህርት የሬዲዮ ፕሮግራም የተሰጠ ንግግር

 

የዛሬው ንግግራችን ስለ ዘፈን ነው። የሠርግ ዘፈን እንዳይመስላችሁ፤ የጦርነት ዘፈን ነው። ዘፈን እንደ ወታደር ሲዘምት ምን ይሠራል? በሥዕል አጊጦ፥ በወረቀት ታትሞ፥ በሳንቲም ሲሸጥ ማንን ይጠቅማል? ማንንስ ይጎዳል? ይህን አብረን እንመለከታለን። ምሳሌያችን ከሩቅ አይመጣም። ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓመተ ምሕረት አገራችንን ሲወር በኢጣሊያ ከተሞች የተዘፈነውንና የተሸጠውን፥ በእኛም በኩል የተዘፈነውን እናያለን። በዚህ ንግግር የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

የዘፈን ወረቀት ምንድን ነው?

በመጀመሪያ ዕቃውን እንወቀው። አንድ ወረቀት ከሁለት ሲታጠፍ አራት ገጽ ይሆናል። በፊተኛው ገጽ ላይ በቀለም ያጌጠ ሥዕል አለ። የዘፈኑ ስም በትልልቅ ፊደል ይጻፍበታል። ወረቀቱን ስትገልጡት ውስጡ ግጥሙና የዜማው ምልክት፥ ማለት ኖታው፥ ይገኛል። ኖታ ለዜማ እንደ ፊደል ነው። ፊደል የሚያውቅ ቃሉን ያነባል፤ ኖታ የሚያውቅ ዜማውን ያነባል። ከዚህ ረከስ ያለ ዓይነትም ነበር፤ ኖታ የሌለው፥ ግጥሙና አንድ ትንሽ ሥዕል ብቻ ያለበት ነጠላ ወረቀት።

በኢጣሊያ አገር ይህ የቆየ ልማድ ነው። በየገበያውና በየአደባባዩ ወሬን በዜማ የሚያወሩ ዘፋኞች ነበሩ። በቋንቋቸው «ካንታስቶሪዬ» ይባላሉ፤ ታሪክ ዘፋኝ ማለት ነው። የእኛን አዝማሪ አስቡት። ካንታስቶሪዬው ሥዕል የተሣለበት ትልቅ ሸራ ይሰቅላል። ሥዕሉን በዘንግ እየጠቆመ የግድያውን፥ የፍቅሩን፥ የጦርነቱን ወሬ ይዘፍናል። ሲጨርስ ለተሰበሰበው ሰው የዘፈኑን ወረቀት ይሸጣል። እንጀራው ከዚያ ነው። በፍሎረንስ ከተማ እንደነበረው እንደ ሳላኒ ያሉ አሳታሚዎች እንዲህ ያለውን ርካሽ ወረቀት በብዛት ያወጡ ነበር።

ለመሆኑ ሥዕሉ ለምን አስፈለገ? ማንበብ የማይችል ሰው ብዙ ስለነበረ ነው። በ1923 በኢጣሊያ በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ መሃይም ነበር። እንዲህ ያለው ሰው ሥዕሉን በዓይኑ ያያል፤ ዜማውን በጆሮው ይይዛል። ጥቂት ቆይቶ ያለ ወረቀትም ያንጎራጉረዋል። እንግዲህ የዘፈን ወረቀት ኃይሉ እዚህ ላይ ነው። ለሚያነብም ለማያነብም ይደርሳል። ጋዜጣን ሰው አንዴ አንብቦ ዕቃ ይጠቀልልበታል። ዘፈንን ግን ማንም ሳያዘው ራሱ ይደጋግመዋል። የደጋገመውንም ነገር ውሎ አድሮ ራሱ ያሰበው ይመስለዋል።

«ትንሿ ጥቁር ፊት»

ኢጣሊያኖች በ1888 አድዋ ላይ ድል ተመትተዋል። ያ ሽንፈት ብዙዎቹን አርባ ዓመት ሙሉ ሲያንገበግባቸው ኖረ። በ1915 ሥልጣን የያዘው ሙሶሊኒ በ1927 አዲስ ጦርነት ሲያዘጋጅ የሚያስፈልገው መድፍና አውሮፕላን ብቻ አልነበረም። ልጇን የምትሸኘው እናት፥ ማሳውን ጥሎ የሚሄደው ገበሬ፥ ግብር የሚከፍለው ባለሱቅ፥ ሁሉም ይህ ጦርነት ደግ ሥራ ነው ብሎ ማመን ነበረበት። ይህን ለማሳመን ከረጅም ዲስኩር ይልቅ አጭር ዘፈን ይቀላል።

በ1927 ሬናቶ ሚኬሊ የተባለ ሰው በሮማ ሰዎች አነጋገር አንድ ግጥም ጻፈ። ማሪዮ ሩቾኔ ዜማ አወጣለት። ካርሎ ቡቲ የተባለው ዝነኛ ዘፋኝ በሸክላ ዘፈነው። የዘፈኑ ስም «ፋቼታ ኔራ» ነው፤ ትንሿ ጥቁር ፊት ማለት ነው።

ዘፈኑ የሚያነጋግረው አንዲትን የኢትዮጵያ ልጃገረድ ነው። ሐሳቡን ባጭሩ እንንገራችሁ። አንቺ ባሪያ ነሽ ይላታል። እኛ መጥተን ነጻ እናወጣሻለን ይላታል። ሌላ ሕግና ሌላ ንጉሥ እንሰጥሻለን፥ ከእኛ ጋር ጥቁር ሸሚዝ ለብሰሽ ትሰለፊያለሽ ይላታል። ጥቁር ሸሚዝ የፋሺስቶች የደንብ ልብስ ነው።

ዜማው ለሰልፍ የተመቸ ነበር። ዘማቹ ዘፈነው፤ ሸኚውም ዘፈነው። ከሱ ሌላ እጮኛውን ተሰናብቶ ወደ አቢሲኒያ ስለሚሄድ ወታደር የሚናገር ዘፈንም ወጣ። እንዲህ እንዲህ እያለ ጦርነቱ የጨዋታ መልክ ያዘ።

ሥዕሉስ? በዘፈን ወረቀትና በፖስት ካርድ ላይ ይሣል የነበረው ፈገግ ያለች ጥቁር ልጃገረድ፥ ባለ ሦስት ቀለሙ የኢጣሊያ ባንዲራ፥ የፀሐይ ባርኔጣ የደፋ ወታደር ነው። ሥዕሉን ብቻ ያየ ሰው ጦርነት ሊደረግ ነው አይልም። ሠርግ ተጠርቷል ነው የሚለው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዘፈኑ የባርነትን ነገር ከምንም ተነሥቶ አልፈጠረውም። በዚያ ዘመን በአገራችን ባርነት ነበር። ይህን መካድ አይገባም። ኢትዮጵያ በ1916 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገብታለች። በዚያው ዓመትም ባሮችን ነጻ የሚያወጣ አዋጅ ወጥቷል። ሥራው ግን ገና አላለቀም ነበር። ፋሺስቶች ይህን እውነት ወሰዱና ለወረራቸው መሸፈኛ አደረጉት። ምንጊዜም ቢሆን ውሸት ብቻውን ሩቅ አይሄድም፤ ከእውነት ጥቂት ስንቅ ይበደራል።

ቃሉና ሥራው

አሁን ዘፈኑ የተናገረውን ከተሠራው ጋር እናስተያይ።

የፋሺስት ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 መረብን ተሻገረ። ከታኅሣሥ ወር ጀምሮ በተከዜ አካባቢና በሌሎችም ቦታዎች ከአውሮፕላን የመርዝ ጋዝ ጣለ። ጋዙ ቆዳ ያቃጥላል፤ ዓይን ያሳውራል፤ ሳንባ ይበላል። ወታደሩ ብቻ አይደለም የተቃጠለው። ገበሬው፥ ሴቱ፥ ሕፃኑ፥ ከብቱ ሁሉ ተቃጠለ። ውኃውና ሣሩ ተመረዘ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆመው ይህን ለዓለም ተናገሩ። ሰሚ ግን አላገኙም። የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር ጋዙ መጣሉን በይፋ ያመነው በ1988 ነው። ስድሳ ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

አሁን አንድ ሥዕል እንመልከት። ኤንሪኮ ዴ ሴታ የተባለ ሠዓሊ በዚያ ጦርነት ጊዜ ለዘመተው ጦር የሚያስቁ ፖስት ካርዶች ሠርቶ ነበር። ወታደሩ ለቤተሰቡና ለወዳጁ የሚልካቸው ናቸው። በአንደኛው ካርድ ላይ ኢጣሊያዊው ወታደር የፍሊት መርጫ ይዞ የኢትዮጵያ ተዋጊዎችን እንደ ዝንብ ሲረጭ ይታያል። በሌላው ላይ ደግሞ አንድ ወታደር ፖስታ ቤት ገብቶ አንዲት ጥቁር ሴት እንደ ዕቃ ለወዳጁ ሊልክ ሲጠይቅ ይታያል።

ልብ አላችሁ? መንግሥቱ ለዓመታት የካደውን የመርዝ ነገር ሥዕሉ እንደ ቀልድ አድርጎ ይናገረው ነበር። ነጻ ትወጣለች የተባለችው ልጃገረድም በሥዕሉ ላይ የሚላክ ጥቅል ሆነች። ሥዕልም እንደ ፊደል ይነበባል የምንለው ለዚህ ነው። የሚያስቅ ሥዕል ስታዩ መጀመሪያ ሳቁ በማን ላይ እንደሆነ ጠይቁ።

«ሌላ ሕግ እንሰጥሻለን» የተባለውስ? ሕጉ መጣ። ሚያዝያ 11 ቀን 1929 የወጣው ሕግ፥ ኢጣሊያዊ የሆነ ሰው ከቅኝ ግዛቱ ተወላጅ ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ይታሰራል አለ። በግንቦት ወር 1932 ሌላ ሕግ ተጨመረ። ኢጣሊያዊ አባት ከአገሬው ሴት የወለደውን ልጅ «ልጄ ነው» ብሎ እንዳይቀበል ተከለከለ። በዘፈን ተቆላምጣ የተጠራችው ሴት በሕግ ሚስት መሆን አልተፈቀደላትም። ልጇም ያለ አባት ስም ቀረ። ዘፈኑ ለሕዝቡ ነበር፤ ሕጉ ለእሷ ነበር።

ይልቁንም የሚገርመው፥ ፋሺስቶች በዘፈኑ ራሳቸው አፈሩበት። ወታደሩ በጥቁር ልጃገረድ ፍቅር እየዘፈነ እንዴት አድርጎ ይንቃታል? ብለው ሠጉ። በሰኔ 1928 ፓኦሎ ሞኔሊ የተባለ ጋዜጠኛ ይህን የመሰለውን ዘፈን የሚነቅፍ ጽሑፍ በጋዜጣ አወጣ። ለመወዳደሪያ «ፋቼታ ቢያንካ»፥ ማለት ትንሿ ነጭ ፊት፥ የሚል ሌላ ዘፈን ተደረሰ። የፊተኛው ግን ከሰው አፍ አልወጣም። ዘፈንን መልቀቅ ቀላል ነው፤ መመለስ ነው የሚቸግረው።

በእኛ በኩልስ ምን ተዘፈነ?

በእኛ አገር በቀለም ሥዕል ያጌጠ የዘፈን ወረቀት በየገበያው የመሸጥ ልማድ አልነበረም። ግጥምና ዜማ ከአፍ ወደ ጆሮ ነበር የሚሄደው። ጦርነቱ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው፥ በሐምሌ 1927፥ አዲስ አበባ ላይ የአገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። መሥራቹ መኰንን ሀብተ ወልድ ነበሩ። በማኅበሩ መድረክ ንግግር ይደረጋል፤ አዝማሪዎችም ይዘፍናሉ። ሕዝቡ አገሩን እንዲጠብቅ የሚቀሰቅሰው በዚህ መልክ ነበር። ያ ማኅበር ከነጻነት በኋላ ቴያትር ቤት ሆኖ ስሙ ዛሬም የአገር ፍቅር ነው።

በገጠሩ ደግሞ ከድሮ ጀምሮ የነበረው ቀረርቶ፥ ሽለላና ፉከራ አለ። እናንተ ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ቀረርቶ ወኔ ይቀሰቅሳል። ፉከራ ደግሞ ሰውየው ተነሥቶ ስሙን፥ የአባቱን ስምና የሠራውን ጀብዱ የሚናገርበት ነው። አምስቱን የወረራ ዓመት በየጫካው የኖሩት አርበኞች ይህን ይዘው ነው የዋሉት። የበላይ ዘለቀን ስም በጎጃምም ሆነ ከጎጃም ውጪ ያደረሰው ጋዜጣ አይደለም፤ ዘፈን ነው።

ጠላት ይህን አላወቀም ብላችሁ ታስባላችሁ? አሳምሮ ያውቃል። የካቲት 12 ቀን 1929 በአዲስ አበባ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በሦስት ቀን ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ተጨፈጨፈ። ጭፍጨፋው በዚያ አላበቃም። ግራዚያኒ መጋቢት 10 ቀን 1929 ወደ ሮማ በላከው ቴሌግራም ጠንቋዮችን፥ ሟርተኞችንና ካንታስቶሪዬዎችን እያስያዘ እንደሚያስረሽን አስታወቀ። ጥፋታቸው ምን ነበር? የፋሺስት አገዛዝ አይቆይም የሚል ወሬ በሕዝቡ መካከል ያዛምታሉ ተባለ።

ቃሉን አስተዋላችሁት? ካንታስቶሪዬ ነው ያለው። በገዛ አገሩ አደባባይ ቆሞ በሥዕል ያጌጠ ወረቀት የሚሸጠው ዘፋኝ የሚጠራበት ያው ቃል ነው። በኢጣሊያ ጦርነትን ያሳመረ ዘፈን በሸክላና በወረቀት ተሸጠ። በኢትዮጵያ ግን ሕዝቡ የሚሰማው ዘፋኝ ተረሸነ።

ማሲንቆ የያዘን ሰው፥ ጠመንጃ የሌለውን፥ ለምን ፈሩት? ነገሩ ግልጽ ነው። ማተሚያ ቤት ይዘጋል፤ ወረቀት ይቃጠላል፤ ጋዜጣ ይታገዳል። ዘፈን ግን መዝጊያ የለውም። አዝማሪው በሰሙ የሚናገረው ስለ ሴት ወይም ስለ ጠጅ ይመስላል፤ ወርቁን ሲፈቱት ግን የአገር ነገር ሆኖ ይገኛል። ሰላዩ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ቢሰማ ሰሙን ይዞ ይሄዳል፤ ወርቁ ለባለአገሩ ይቀራል።

የራሳችንንም እንጠይቅ

ይህን ስንል የጠላት ዘፈን ሁሉ ውሸት፥ የእኛ ዘፈን ሁሉ እውነት ነው ማለታችን አይደለም። የእኛም ፉከራ ይጠየቅ። ፉከራ የገደለውን ይቆጥራል፤ የሞተበትን አይቆጥርም። ጀግናውን በስሙ ይጠራል፤ ስንቅ ተሸክማ የተከተለችውን፥ ቁስለኛ ያጠበችውን፥ ወሬ ያቀበለችውን ሴት ስሟን ብዙ ጊዜ አያነሣም። ጦርነት ያራቆተውን ጎተራ ፎካሪ አያወራውም። ዘፈን ልብ ያሞቃል፤ የተሟላ ታሪክ ግን አይደለም። አገሩን የሚወድ ሰው ይህን ማወቁ አይጎዳውም።

እንግዲያውስ የዘፈን ወረቀት፥ ፖስት ካርድ፥ ወይም በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሥዕል ስታገኙ አራት ነገር ጠይቁ።

አንደኛ፥ ይህን ያወጣው ማን ነው? ገንዘቡንስ የከፈለ ማን ነው? ብዙ ጊዜ ስሙ ከገጹ ሥር በትናንሽ ፊደል ይጻፋል። ትናንሹን ፊደል ማንበብ ልመዱ።

ሁለተኛ፥ መቼ ወጣ? ዓመተ ምሕረቱን ፈልጉ። «ነጻ እናወጣሻለን» የሚለው ዘፈን የ1927 ነው። ከእሷ ጋር መኖር ያሳስራል የሚለው ሕግ የ1929 ነው። ሁለቱን ዓመቶች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አይታለልም።

ሦስተኛ፥ የሚናገረው ለማን ነው? «ፋቼታ ኔራ» ልጃገረዷን የሚያነጋግር ይመስላል እንጂ የሚያነጋግረው የኢጣሊያን ወጣት ነው። እሷ ቋንቋውን አታውቅም።

አራተኛ፥ ዝም ያለው ማን ነው? በሥዕሉ ላይ እያለ አንድ ቃል ያልተናገረ ሰው ካለ የእሱ ታሪክ ሌላ ነው።

እስቲ ያችን በወረቀቱ ላይ የተሣለችውን ልጃገረድ እናስባት። ስም የላትም። የአባቷ አገር አልተጻፈም። ፈገግ እንድትል ተደርጋ ተሥላለች እንጂ የሚያስቃት ነገር ነበረ ወይ ብሎ የጠየቃት የለም። በዚያ ዘመን ወረቀቱን በእጇ ቢሰጧት፥ በስሟ የተባለውን ለማንበብ አትችልም ነበር። በእኛው ፊደል ቢጻፍላትም እንኳ፥ እንደ እሷ ላለች የገጠር ልጅ በዚያ ዘመን ማን ፊደል አስተማረ?

እናንተ ግን አሁን ይህን ወረቀት አንብባችሁ እዚህ ደርሳችኋል። ስለ እናንተ የሚባለውን ማንበብ ትችላላችሁ፤ ልክ ካልሆነም ልክ አይደለም ብላችሁ መጻፍ ትችላላችሁ። በየመንደራችሁ በወረራው ዘመን የተዘፈነውን ከአያቶቻቸው የሰሙ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አይጠፉም። ዛሬ ማታ ሄዳችሁ ጠይቋቸው። ግጥሙን፥ የዘፈነውን ሰው ስም፥ የተዘፈነበትን ቦታ በደብተራችሁ ላይ ጻፉ። የስንቅ ተሸካሚዋን ስም የሚያስታውስ ካለ እሱንም አትርሱ። ጆሮ የያዘው ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል፤ የተጻፈው ይቆያል።

ለዛሬው በዚህ ይብቃን። በደኅና ሰንብቱ።

የቃላት ትርጉም

ኖታ፦ የዜማ መጻፊያ ምልክት።
ዲስኩር፦ በሰው ፊት የሚደረግ ንግግር።
ሸክላ፦ ዘፈን የሚቀዳበት ክብ የሙዚቃ ዕቃ።
መሃይም፦ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው።
ሰምና ወርቅ፦ ከላይ አንድ፥ ከውስጥ ሌላ ትርጉም ያለው አነጋገር።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ማንበብ ለማይችል ሰው የዘፈን ወረቀት ለምን ይሸጥ ነበር?
2. ዘፈኑ ለልጃገረዷ የገባው ቃል ምን ነበር? በ1929 እና በ1932 የወጡት ሕጎችስ ምን አሉ?
3. ግራዚያኒ ዘፋኞችን የፈራው ለምንድን ነው?
4. በአካባቢያችሁ ከሚታወቁት የጦርነት ዘፈኖች አንዱን ምረጡ። በዘፈኑ ውስጥ ስማቸው ያልተነሣ እነማን ናቸው?